ለሠርግ የተቀደደ ቺት

ማስቱራ መቀስ አትወድም። ጨርቅ በመቀስ ሲቆረጥ ካየች ሎሚ የመጠጠች ያህል ፊቷን ታጨማድዳለች። "መቀስ የያዘው ሰው ወደፈለገው ይሄዳል፤ ቅድ ግን ክሩን ተከትሎ ነው የሚሄደው" ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። እኔ ማርጊላን ከተማ ገበያ፣ ጨርቅ ተራ ውስጥ ክርና ቁልፍ እሸጣለሁ። ቤታችንም አንድ ሰፈር ነው። ስለዚህ ይህን ንግግሯን ገበያም ሰፈርም ሰምቼ ሰልችቶኛል።

ሐቁን ለመናገር ሥራዋ ይመሰክርላታል። በጥጥ እየሞላች የምትሰፋቸው ብርድ ልብሶች፣ እኛ ኮርፓ የምንላቸው፣ ሲታጠፉ ጥግና ጥጋቸው ይገጥማል። የሌሎቻችን ኮርፓ ሁለት ክረምት ካለፈበት አንዱ ጫፉ ይንሻፈፍና እግር ሸፍኖ ትከሻ ያስበርዳል። የእሷ ግን አይንሻፈፍም፤ ምክንያቱም ከጅምሩ ጨርቁን አትቆርጠውም። ጠርዙን በጥርሷ ነከስ ታደርግና በሁለት እጇ ይዛ ትቀድደዋለች፤ ቅዱ አንዲቱን ማግ ተከትሎ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ይወጣል። ስትቀድ ደግሞ ደረቷን ነፍታ ነው። እንዲያው ጨርቁን የሸመነችውም እሷ ትመስላለች።

እኛ ገበያ ውስጥ ግን ጨርቅ መቅደድ እንዲህ እንደ ዋዛ አይደለም። ሰው ሲሞት፣ በተለይ ዕድሜ የጠገበና የልጅ ልጅ ያየ ሰው ሲሞት፣ ቤተሰቡ ጨርቅ ይገዛል። ያ ጨርቅ በእጅ ይቀደድና ለለቀስተኛው በቁራጭ ይታደላል፤ ይርቲሽ ይባላል። እናቶች ቁራጯን ወስደው ልጃቸው ኮርፓ ላይ ይሰፏታል፣ የሟቹ ዕድሜ ለልጁ እንዲተርፍለት። ስለዚህ ነጋዴው ለሐዘን ሲሸጥ ይቀድዳል፤ ለሠርግና ለሌላው ሁሉ ይቆርጣል። ጨርቅ ተራ ውስጥ የቅድ ድምፅ ከተሰማ ሁሉም የያዘውን ጥሎ ይነሳል፣ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል። ማን እንደሞተ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ማስቱራ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያረጀች ናት። ከገበያ ስትገዛ ታግሳ ታስቆርጣለች፤ ቤቷ ስትደርስ መቀስ ያጣመመውን ጠርዝ ቀድዳ ታስተካክላለች። ተቀድዶ የሚጣለው ብጣሽ ግን አንጀቷን ያሳርራታል። "ይኸው፣ ኢስማቱላ የዘረፈኝ!" እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ታሳያለች። ኢስማቱላ ከእኔ አጠገብ ቺት፣ አበባ የታተመበትን ስስ የጥጥ ጨርቅ፣ የሚሸጠው ነው፤ ምላሱ ከመቀሱ የፈጠነ ሰው።

የመጨረሻ ልጇ ሞህላር ታጨች። እጮኛዋ ኤልሙሮድ ሩሲያ ሠርቶ ለአጭር ጊዜ የመጣ ነው፤ ፖም ተለቅሞ ሳያልቅ ተመልሶ ሊሄድ ነው። ሠርጉ ከዚያ በፊት መሆን አለበት። ወደ ሩሲያ ሄዶ እጮኛውን ረስቶ እዚያው የቀለጠውን ልጅ በየሰፈሩ እናውቃለን፤ ማስቱራም ታውቃለች። ለዚህ ነው ያን ሰሞን እንቅልፍ ያጣችው። ሞህላር ወደ ባሏ ቤት የምትወስዳቸውን ኮርፓዎች ጨርሳ፣ የቀሩት የሙሽሮቹ የራሳቸው ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ለእነሱ የመረጠችው ቀይ ባለ ሮማን አበባ ቺት ነው። ኢስማቱላ ዘንድ ያለው ደግሞ የጣቃው ጭራ፣ ልክ ለሁለቱ የሚበቃ፣ አንድ ስንዝር የማይተርፈው።

ያን ቀን ኢስማቱላ እየቆረጠ ስለ አንድ የትግል ግጥሚያ ያወራል። ማን ማንን እንደጣለ፣ እንዴት እንደጣለ። አንድ እጁ መቀስ ይዟል፣ ሌላው እጁ የተጋጣሚውን አንገት አያያዝ ያሳያል።

"አንተ ኢስማቱላ! ዓይንህን ከመቀሱ አትንቀል!" አለች ማስቱራ።

"ኧረ ማስቱራ ኦፓ፣ እኔ እኮ ዓይኔን ጨፍኜም እቆርጣለሁ" አላት፤ ኦፓ እኛ ዘንድ ታላቅ እህት ማለት ነው።

"እሱንማ አይቻለሁ። ቤቴ ያለው ሁሉ ጨፍነህ የቆረጥከው ነው።"

ተራው ሳቀ። ኢስማቱላም ስቆ አንገቱን ወደ ሳቁ መለሰ፤ መቀሱ ግን አልቆመም፣ ወደ ውስጥ ሸርተት አለ። መቀሱ በዚያው ከቀጠለ ጨርቁ ለሁለተኛው ኮርፓ አይበቃም። ማስቱራ ነደዳት። ጨርቁን ከእጁ መንጭቃ፣ መቀሱ ከጀመረበት ፈቀቅ ብላ በጥርሷ ነከሰችና ከዳር እስከ ዳር ቀደደችው።

ያ ድምፅ ልዩ ነው። ሰው በመሐል ቢጮህም ይሰማል። ከሱቄ ስወጣ ጨርቅ ተራው ቆሟል። ሻይ የያዘው ሻዩን አስቀምጧል፣ የሚከራከረው ክርክሩን ትቷል። ቆብ የሚሸጡት አዛውንት ሆልማት ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ እኛም ዘረጋን። እሳቸው ከቁርዓን አነበነቡ፣ ሁላችንም ፊታችንን አበስን። ኢስማቱላ ራሱ አፉ ተከፍቶ ፊቱን አበሰ። ማስቱራ ብቻ ሁለቱን ቅዳጅ በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች።

"አላህ ይዘንላቸው" አሉ ሆልማት። "ማን ነው ያረፈው፣ ልጄ?"

እዚህ ላይ "ማንም አልሞተም፣ ተናድጄ ነው" ማለት ይቻል ነበር። አፍ ላይ ቀላል ነው። ነገር ግን ከሦስት ሱቅ ማዶ የኤልሙሮድ አክስት እጇን እንደዘረጋች ቆማለች፤ እሷ ያየችውን እናቱ ሳትሰማ አታድርም። የሙሽራ እናት በገዛ ጥርሷ የልጇን የጫጉላ ኮርፓ ለሐዘን ቀደደች ተብሎ ከተወራ፣ ማን ያቺን ልጅ ቤቱ ያስገባል? የማስቱራ ፊት መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ አመድ መሰለ።

"እህቴ ናቸው" አለች። "ቆቃንድ ከተማ ያሉት። ሖሲያት ኦፓ።"

"ውይ! መቼ?"

"ተቀብረዋል። ዘግይቶ ነው የደረሰኝ።"

በኋላ እንደነገረችኝ፣ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ በእጇ ቀልባ ልትመልሰው ቃጥቷት ነበር። ግን እጇ ጨርቅ ይዟል።

ሖሲያት የማስቱራ ታላቅ እህት ናቸው፤ በዕድሜ እናቷ ሊሆኑ ምንም አይቀራቸው። እናታቸው ታማሚ ስለነበሩ ማስቱራን አዝለው ያሳደጓት፣ መርፌ ያስያዟት፣ ጨርቅ በማግ መቅደድንም ያሳዩአት እሳቸው ናቸው። እናታቸው ሲሞቱ የተረፈችውን አንዲት የስፌት መኪና ማን ይውሰድ በሚል ተጣሉ። ማስቱራ ወሰደቻት። ሖሲያት በር ላይ ቆመው፣ "ይሁንልሽ፣ ከእንግዲህ ግን እኔን ፈልገሽ አትምጪ" ብለው ወደ ቆቃንድ ሄዱ። ማስቱራም አልፈለገቻቸውም። በአውቶቡስ አንድ ፊልም አይቶ የመውጣት ያህል እንኳ የማይፈጅ መንገድ ዓመታት ሙሉ ሳይሄዱበት ቀሩ።

ከሰዓት በኋላ እኔ ቤቷ ስደርስ ግቢው ሞልቷል። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ዳቦ በጨርቅ ቋጥሮ መጥቷል። ባሏ ሶቢር፣ ዝምተኛ ሰው፣ እንደ ሐዘንተኛ ወንድ ወገቡን በመቀነት ታጥቆ በር ላይ ቆሞ የመጣውን ሁሉ በአክብሮት ያስገባል። ሞህላር ጥግ ይዛ ትንሰቀሰቃለች፤ እሷ ሕፃን ሳለች አክስቷ ስኳር በከረሜላ ወረቀት ጠቅልለው ይሰጧት እንደነበር እየነገረች። ማስቱራ መሐል ተቀምጣ አንገቷን ደፍታለች። ሴቶቹ ሐዘን መሰላቸው።

"አይዞሽ፣ አይዞሽ። ዕድሜ የጠገቡ ናቸው" ይሏታል።

"ልጅ የልጅ ልጅ አይተው ነው የሄዱት።"

"ታርቃችሁ ነበር አይደል? ታርቃችኋል አይደል፣ ማስቱራ?"

ማስቱራ መሬቱን እያየች "ታርቀናል" አለች። እኔ በበኩሌ ጠርጥሬ ነበር፤ ያ ቀይ ሮማን ለሐዘን የሚገዛ አልመሰለኝም። ግን ሞት በተጠራበት ቤት ማን ምን ብሎ ይጠይቃል?

የኤልሙሮድ እናት ኢኖያት እያለቀሰች ገባች። ጥሩ ሴት ናት፣ ጥሩነቷ ነው ያስቸገረው። ማስቱራን አቅፋ ስታበቃ፣ "ስለ ሠርጉ እንዳትጨነቂ" አለቻት። "እህትሽ አፈር ሳይደርቅባቸው ከበሮ አናስመታም፣ ነውር ነው። ልጁ ሄዶ ይምጣ። ለጸደይ፣ አላህ ካለ፣ እናደርገዋለን።"

"ለጸደይ?" አለች ማስቱራ።

"ለጸደይ። እኛም ሰው ነን፣ ሐዘን እናውቃለን።"

ሞህላር ልቅሶዋ ቆመ። እናቷን ቀና ብላ አየቻት፤ እናቷ ግን ዓይኗን ሰበረች። ሠርጉን ላድን ብላ የተናገረችው ነገር ሠርጉን ወሰደው። እንደገና "አልሞቱም" ብትል አሁን ውሸታም ብቻ አይደለችም፣ በሞት የምትቀልድ ሴት ናት። ያን ዕለት ማታ ለባሏ እንኳ መናገር አልቻለችም። ሰውየው ሙሉ ቀን ቆሞ እግሩ አብጦ ውኃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል፤ ምን ትበለው?

በማግስቱ ሴቶቹ ተመልሰው መጡ። አሁን ደግሞ አንዷ፣ የልጅ ልጅ የተወለደላት ጎረቤት፣ እጇን እያሻሸች፣ "ማስቱራ ኦፓ፣ በሐዘንሽ ላይ አይሁንብኝና፣ ይርቲሹስ?" አለች።

"የቱ ይርቲሽ?"

"ትናንት ከገበያ የቀደድሽው ነዋ። ተራው በሙሉ ሰምቶታል። የእህትሽን የሚያህል ዕድሜ ለልጆቻችን ብናገኝ ደስ ይለናል።"

"ለእኔም አንዲት ቁራጭ" አለች ሌላዋ። "ለእኔ ሁለት ይሁንልኝ፣ መንታ ናቸው" አለች ሦስተኛዋ።

ማስቱራ ወደ ውስጥ ገብታ ቀዩን ቺት ይዛ ወጣች። ሞህላር ጨርቁን ስታየው ከንፈሯን ነከሰች፤ ለማን እንደተገዛ የምታውቀው እሷ ናት። ሴቶቹ ግን መደነቅ ጀመሩ።

"እንዴት ደማቅ ነው! ለሐዘን?"

"እህቴ ደማቅ ይወዱ ነበር" አለች ማስቱራ፣ ድምፅዋ በቅጡ ሳይሰማ። ሖሲያት ዕድሜያቸውን ሙሉ ግራጫ የለበሱ ሴት ናቸው።

መቅደድ ጀመረች። አንድ፣ ከዚያ ሌላ። የልጇን የጫጉላ ኮርፓ በቁራጭ በቁራጭ አድርጋ ለሌላ ሰው ልጆች ታድላለች። ሲቀደድ እንደ ወትሮው ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ሴቶቹ "አቤት እጅ!" ይላሉ። ዕድሜዋን ሙሉ ሲያኮራት የኖረው ነገር አሁን በእያንዳንዱ ቅድ ፊቷን በጥፊ የሚያጮላት ሆነባት። እንባዋ ወረደ። አሁን እውነተኛ ልቅሶ ነበር፤ ግን ለማን እንደምታለቅስ እኛ አናውቅም።

የግቢው በር ተንኳኳ። ሶቢር ከፈተ፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ግራጫ ሻሽ ያሰሩ፣ ምርኩዝ የያዙ አሮጊት ገቡ። በመጀመሪያ ያወቀቻቸው ሞህላር ናት። ጮኸች። ከዚያ ሁሉም ጮኸ። ኢኖያት የያዘችው ዳቦ ከእጇ ወድቆ ተንከባለለ።

የቆቃንድ አውቶቡስ ሾፌር ከገበያ የሰማውን ይዞ ሄዶ ቤታቸው በር ላይ "ኀዘናችሁ ኀዘናችን ነው" ብሎ ሲያንኳኳ፣ የከፈቱለት ሟቿ ራሳቸው ነበሩ።

ሖሲያት ግቢውን አዩ። በጨርቅ የተቋጠረውን ዳቦ፣ መቀነት የታጠቀውን አማች፣ በየሴቱ ጭን ላይ ያለውን ቀይ ቁራጭ፣ መሐል ላይ ደግሞ ጨርቅ ይዛ የደረቀችውን እህታቸውን። ማስቱራ ጨርቁን ጭኗ ላይ አጣጠፈችው። መሬት ብትከፈት ሳታመነታ ትገባ ነበር። ያን ሰዓት ከሖሲያት ቃል በላይ የምፈራው ነገር አልነበረም። "እህቴ ዋሽታለች" ብለው ቢናገሩ ያ ሠርግ እዚያው አለቀ።

"ምን ያስጮኻችኋል?" አሉ። "ቁጭ በሉ። እኔ ነኝ።"

"ሞ... ሞተው ነበር እኮ" አለች ኢኖያት።

ሖሲያት ሞህላርን አዩ፤ ዕንባዋ ያልደረቀውን። ከዚያ ጨርቁን አዩ። የሠርግ ጨርቅ የማያውቁ ሴት አይደሉም።

"ወድቄ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ትንፋሼ ጠፍቶ። ልጆቼ ደንግጠው ወደዚህ መርዶ ላኩ። እኔ ስነቃ መርዶው ሄዷል። እህቴ ምን ታድርግ? የሰማችውን ነው ያደረገችው።"

ግቢው በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። ሴቶቹ እየተነሱ የሖሲያትን እጅ ሳሙ፣ ትከሻቸውን ዳሰሱ፣ በእርግጥ ሰው መሆናቸውን ለማወቅ። ኢኖያት ዳቦውን አንስታ ስማ ግንባሯ ላይ አስነካችው፤ ስታለቅስም ስትስቅም ነበር። "ይሄማ ደግ ምልክት ነው! ለቅሶ ቤት የገባ ደስታ! በቃ፣ ሠርጉ በቀኑ ነው። ማንም አንድ ቃል እንዳይናገረኝ።"

"ይሄስ ምን ይሁን?" አለች መንታ ያላት፣ ሁለት ቁራጮቿን እያሳየች።

"ያዙት" አሉ ሖሲያት። "ዕድሜዬ ገና አላለቀም፤ ለሁላችሁም ይዳረሳል።"

ሳቁ እስከ መንገድ ተሰማ። ማስቱራ ብቻ አልሳቀችም። አንገቷ ከደረቷ አልተነሳም።

ሻይ ላፈላ ጓዳ ገብቼ ነበር፤ ሁለቱ ተከትለውኝ ሲገቡ መውጫ አጣሁ። ሖሲያት እኔን እንደ ድስት ቆጥረው አለፉኝ።

"ተራው ሁሉ ሲቆም ደነገጥኩ፣ ኦፓ" አለች ማስቱራ። "ተናድጄ ነው የቀደድኩት። አፌ ላይ የመጣው..."

"አፍሽ ላይ የመጣሁት እኔ። ከሰው ሁሉ ለምን እኔ?"

ሻዩ ገነፈለ፣ ማንም አላነሳውም።

"ንገሪኝ። ሌላ ዘመድ የለሽም?"

"ሌላው ሁሉ ይመጣል ብዬ" አለች ማስቱራ በመጨረሻ። "ሌላው ሁሉ ነገ በር ላይ ይታያል። እርስዎ ግን... ቢሞቱም ባይሞቱም ወደዚህ ቤት እንደማይመጡ አውቅ ነበር። ለእኔ ምንም የማይጎድልብኝ መሰለኝ።" ይህን ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። የቀይ ክር ብጥስጣሽ ጣቷ ላይ ተጣብቆ ነበር።

"እውነትሽን ነው" አሉ ሖሲያት። "አልመጣም ነበር። ሞተዋል ስባል ነው የመጣሁት። ማን እንደሚያለቅስልኝ ላይ።"

"ይቅር ይበሉኝ።"

"እዚያ ውጭ ያልኩት ለልጅቷ ነው። ለአንቺ አይደለም።"

ወጡ። ሻይ ጠጡ ቢባሉ አልጠጡም፤ የአውቶቡሱ ሰዓት ደርሷል አሉ። ማስቱራ እስከ መንገዱ ተከትላቸው ሄደች፤ እኔም የረሱትን ምርኩዝ ይዤ ከኋላ ሮጥኩ። ስደርስ ማስቱራ እጃቸውን ይዛለች።

"ለሠርጉ ይምጡልኝ፣ ኦፓ። ከላይ፣ ከክብር ቦታ አስቀምጥዎታለሁ። እባክዎ።"

ሖሲያት እጃቸውን አስለቀቁ። ምርኩዙን ከእኔ ተቀበሉ፣ አመሰገኑኝም።

"የሞተ ሰው ሠርግ ላይ ምን ይሠራል?" አሉ፤ ሳይቆጡ፣ እንዲያው ሰዓት እንደሚናገር ሰው። ከዚያ አውቶቡሱ ላይ ወጥተው መስኮቱ ጋ ተቀመጡ።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ማስቱራ እጇን ልታነሳ ጀምራ ነበር። አፈረችና መልሳ አወረደችው።